አውሮፕላኑ እስኪያልፍ

አውሮፕላን በላዬ ሲያልፍ ንግግሬን የማቋረጥ ልማድ አለኝ። ቢሮ ውስጥ ብሆን፣ ታክሲ ውስጥ ብሆን፣ ስልክ እያወራሁም ቢሆን፣ ያ ጉርምርምታ ከሩቅ ሲጀምር አፌ በራሱ ጊዜ ይዘጋል። የማያውቁኝ ሰዎች «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» ይሉኛል። ምንም አልሆንኩም፤ እዚህ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ስለኖርኩ ነው። ወደ ቦሌ የሚወርዱት አውሮፕላኖች ጣሪያችንን ሊነኩት ምንም አይቀራቸውም። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው በሙሉ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ አንጠልጥሎ ይጠብቅና፣ ድምፁ ሲያልፍ ካቆመበት ይቀጥላል። ሊጣላ የተነሣ ሰው እንኳ ስድቡን በአፉ ይዞ ይጠብቃል።

ትናንት በሬን አንኳኩተሽ ስታናግሪኝ አንቺ ግን፣ ለሰፈሩ አዲስ ስለሆንሽ ይሆናል፣ አላቋረጥሽም። አውሮፕላኑ መጣ፤ አንቺ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ቀጠልሽ። ከተናገርሽው ግማሹ አልተሰማኝም። «እሑድ… ምርጫ… እባክዎን እንዳይቀሩ» የሚለው ደረሰኝ። የስብሰባ ጥሪ ወረቀትሽን ተቀበልኩሽና «እስቲ እናያለን» ብዬ በሩን ዘጋሁ። በእኛ አገር «እናያለን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሳታውቂው አትቀሪም፤ ፊትሽ ላይ አይቼዋለሁ። ወረቀቱ ገና ከማባዣው ማሽን የወጣ ነበር መሰለኝ፣ ይሞቃል፤ ቀለም ቀለም ይሸታል። ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። ባዶ ነው። ለምን ጀርባውን እንዳየሁ ልንገርሽ፤ ፊት ለፊት ለመናገር ድፍረቱን ስላጣሁ፣ የምነግርሽ ደረጃውን ወርደሽ ከሄድሽ በኋላ ነው።

እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በዚህ ሰፈር የሚታደለው የስብሰባ ጥሪ ሁሉ ጀርባው የተማሪ ፈተና ነበር። የሚጽፉትም የሚያድሉትም ከእኛ ሥር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ የሂሳብ መምህር ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ያረሙትን ፈተና በማዳበሪያ ጆንያ ሞልተው ይዘውት መጥተዋል፤ አንድ ጎኑ ንጹሕ የሆነ ወረቀት መጣል ኃጢአት ይመስላቸዋል። ስለዚህ በአንደኛው ገጽ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው «የተከበራችሁ ነዋሪዎች» ይላል። ስትገለብጪው የማታውቂው ልጅ ከሃያ፣ ስድስት ብቻ አግኝቶ፣ በቀይ እስክሪብቶ «ለምን? አስብ!» ተብሎበታል። ሰው ከስብሰባው ቢቀርም ወረቀቱን አይጥለውም ነበር። እናቴማ ስድስት ላመጣው ልጅ አዝናለት ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ለጥፋው ነበር።

ከተማው በሙሉ ክሬን የተተከለበት ጊዜ ነው። ቦሌ መንገድ ላይ ዛሬ ጉድጓድ ሆኖ ያየሽውን ከጥቂት ወራት በኋላ መስታወት ለብሶ ታገኚዋለሽ። ሰፈራችን ገና እርጥብ ሲሚንቶና አዲስ የተላጠ የባሕር ዛፍ አጣና ይሸት ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ በአቧራው ውስጥ ስትወጣ ሁሉም ነገር ቢጫ ይሆናል። እኔ ከእነዚያ መስታወት ሕንፃዎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። ሐሳቤ ሁሉ እዚያ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ማኪያቶ፣ ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ፣ ማን እድገት አገኘ፣ ማን ውጭ ሄደ። «ድምፅ»፣ «ተሳትፎ»፣ «ዜጋ» የሚሉት ለእኔ የሬዲዮ ቃላት ነበሩ፤ ሬዲዮ ደግሞ የምሰማው ታክሲ ውስጥ ነው፣ ያውም ሾፌሩ ወደ ሙዚቃ እስኪቀይረው።

መምህሩ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በየበሩ ያንኳኳሉ። ከማንኳኳታቸው ታውቂያቸዋለሽ፤ ሁለት ጊዜ፣ ትንሽ ቆይተው ደግሞ አንድ ጊዜ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ይቆማሉ እንጂ ይግቡ ቢባሉ አይገቡም። እናቴ ወረቀቱን ትቀበልና ሁልጊዜ አንድ መልስ ትሰጣቸው ነበር።

«መምህር፣ እኔ እንኳ ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ ነው የምለው።»

«ታዲያ እትዬ፣ መብራቱን የሚያበሩት በሩቁ ነው?» ይሏታል። «ማብሪያውን አንድ ሰው መንካት አለበት እኮ!»

እናቴ ትስቃለች። ትስቅና ከስብሰባው ትቀራለች።

ከሕንፃዎቹ መሀል አንድ የጋራ ቤት ነበረን። በዓል ሲሆን በግ የሚታረድበት፣ ሰው ሲሞት ለቅሶ የሚቀመጡበት፣ ሌላ ጊዜ ባዶውን የሚውል ሰፊ ክፍል ነው። መምህሩ የአንዱን ግድግዳ ግማሽ ጥቁር ቀለም ቀብተው ሰሌዳ አደረጉትና፣ ማንም ሳይለምናቸው የሰፈሩን ልጆች ማስተማር ጀመሩ። እኔም የዚያ ቤት ተማሪ ነኝ። ኮሌጅ ገብቼ በሂሳብ ልወድቅ ስል፣ አንድ ክረምት ሙሉ የጠመኔና የበግ ሽታ በተደባለቀበት በዚያ ክፍል አስቀምጠው አወጡኝ። ጠባያቸው ልዩ ነበር። መልሱን ስታገኚ ጮክ ብለሽ እንድትናገሪ አይፈልጉም። «ጻፊው እንጂ አትንገሪኝ» ይላሉ። አንዱ ጎበዝ ሲጮህ ሌላው ማሰቡን ያቆማል ባይ ናቸው።

በዚያው ዓመት የሕንፃዎቹ ኮሚቴ ሊቀመንበር ይመረጥ ተባለ። አንዱ ዕጩ መምህሩ ናቸው። ሌላው ከሕንፃችን ምድር ወለል ላይ የግንባታ ዕቃ መደብር የከፈተ ነጋዴ ነው። ክፉ ሰው ነበር ብዬ ብነግርሽ ታሪኩ ይቀልልኝ ነበር፤ ግን አልነበረም። ሳቂታ፣ እጀ ሰፊ፣ ለሰው የሚደርስ ሰው ነበር። የአንዱን ልጅ ሠርግ በመኪናው አጅቧል፤ የሌላዋን የታመመች እናት ሆስፒታል አመላልሷል። እኔን ደግሞ ጠዋት ጠዋት ቦሌ ድረስ ይወስደኝ ነበር። የዚያን ጊዜ የታክሲ ሰልፍ እንዴት እንደነበር ያልቆመበት አያውቀውም፤ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተሰልፈሽ ሥራ ሳይረፍድብሽ ከገባሽ ዕድለኛ ነሽ። ነጋዴው ግን ከበራችን ሥር ክላክስ ያደርግልኛል። የወንበሩን ፕላስቲክ ገና አላነሣውም፤ ስቀመጥ ይንኮሻኮሻል፣ መኪናው በሙሉ አዲስ አዲስ ይሸታል።

የእሱ ዕቅድ ግልጽ ነበር። ውሃ ላይኛው ፎቅ አልወጣ ስላለ የውሃ ሞተር ያስገባል፤ የጋራውን ቤት ደግሞ ለሲሚንቶ ማከማቻ ያከራየዋል። መምህሩ ከተመረጡ ቤቱ የልጆቹ ሆኖ ይቀጥላል። እኔ በዚህ ላይ ሁለት ሐሳብ አልነበረኝም። የተማርኩበት ቤት ነው፤ ማንን እንደምመርጥ ልቤ ያውቅ ነበር።

ከስብሰባው በፊት ባለው ቅዳሜ መምህሩ ሲያንኳኩ በእጃቸው የጫማ ካርቶን ይዘዋል። ካርቶኑን በሰማያዊ የደብተር መሸፈኛ ለብጠውታል፤ ክዳኑ ላይ በምላጭ የተቀደደ ቀጭን ቀዳዳ አለው። ውስጡ በእኩል መጠን የተቆራረጡ ወረቀቶች አሉ፤ አገላበጥኳቸው፣ ያው ፈተና ናቸው።

«ነገ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ» አሉኝ። «ምርጫው በሰልፍ ሳይሆን በሳጥን ይሁን እላለሁ። ደጋፊ የሌለው ሐሳብ ደግሞ ይወድቃል። አንቺ እጅሽን አንሥተሽ ‹እደግፋለሁ› በዪልኝ። አንዲት ቃል ናት።»

«ይሄማ ምን ችግር አለው ቲቸር! እንደተደረገ ይቁጠሩት» አልኳቸው። ደስ ብሎኛል፤ ትልቅ ሰው ሆኛለሁ። ደስታዬን ላሳያቸው ብዬም «የምመርጠውም እኮ…» ብዬ ስጀምር ጣታቸውን አነሡ።

«ተይ፣ እሱን አትንገሪኝ። እሱ ያንቺ ነው። እኔ የምፈልገው ሰው ሳይሳቀቅ እንዲጽፍ ብቻ ነው።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው በሁለቱ ሕንፃዎች መሀል ባለው ሜዳ ተሰበሰበ። ለወትሮው ስብሰባ ላይ ስሙን አስመዝግቦ በኋላ በር ሹልክ የሚለው ሁሉ የዚያን ቀን ቁጭ አለ፤ የውሃው ነገር አስጨንቆታል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከሰዎቹ ነጭ ልብስ የሳሙና ሽታ፣ ከመሬቱ የሞቀ አቧራ ሽታ ይነሣል። የያዝኩት ወንበር ከነጋዴው አጠገብ ነበር፤ እኔ አልመረጥኩትም፣ ስመጣ ተነሥቶ ቦታ ለቀቀልኝ። ጎንበስ ብሎ «ነገ ትንሽ ቀደም ብለን እንውጣ፤ መንገዱን ሊቆፍሩት ነው አሉ» አለኝ። እሺ አልኩት።

ከነዋሪው መሀል ለአስመራጭነት የተሰየመው ሰው ንግግሩን እንደጨረሰ መምህሩ ካርቶናቸውን ይዘው ተነሡ። ሐሳባቸውን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት፤ ሂሳብ መምህር አይደሉ! ከኋላ አንዱ ሳይፈቀድለት ጮኸ። «ምን የሚደበቅ ነገር አለን? ጎረቤታሞች አይደለንም እንዴ?» ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። አስመራጩ «ሐሳቡ ድጋፍ አለው ወይ?» ብሎ ጠየቀ።

አውሮፕላኑ የመጣው ይኼኔ ነው።

ሁሉም እንደ ልማዱ ጸጥ አለ። አስመራጩ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። መምህሩ ካርቶናቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው እኔን አዩኝ። አልተቆጡኝም፣ አልተማጠኑኝም፤ ተማሪ ሰሌዳ ጋ ቆሞ መልሱን እስኪያገኝ በሚጠብቁበት ዓይን ነው ያዩኝ። እጅ ለማንሣት ድምፅ አያስፈልግም፤ አውሮፕላን አይከለክልም። እጄ ጉልበቴ ላይ ነበር። የነጋዴው ክንድ ክንዴን ነክቶታል፤ ሽቶውና የመኪናው አዲስ ፕላስቲክ አንድ ላይ ይሸቱኛል። ነገ ጠዋት ክላክስ ሲያደርግልኝ ምን ብዬ እገባለሁ? ይሄን ነው ያሰብኩት። የአውሮፕላኑ ጥላ በሰዉ ፊት ላይ ሮጦ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አውሮፕላን አልፎብኛል፤ ያን ያህል የረዘመብኝ ግን የለም።

ድምፁ ወደ ቦሌ ሲሰምጥ አስመራጩ ካቆመበት ቀጠለ። «ድጋፍ የለውም። ወደሚቀጥለው እንለፍ።»

መምህሩ ተቀመጡ። ካርቶኑን ከወንበራቸው ሥር፣ ፀሐይ እንዳይመታው ይመስል ወደ ውስጥ ገፋ አደረጉት።

ከዚያ ዕጩዎቹ ፊት ለፊት እንዲቆሙ፣ ሰውም ከሚፈልገው ዕጩ ኋላ እንዲሰለፍ ተደረገ። ነጋዴው ከውሃ ታንከሩ ሥር ቆመ፤ መምህሩ ከጋራው ቤት በር ላይ። መጀመሪያ ማንም አልተነቃነቀም። ሠርግ የታጀበለት ሰውዬ እየሳቀ ወደ ታንከሩ ሄደ፤ እናቷ የታመመችባት ተከተለችው፤ ከዚያ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው ሆነ። ሰልፉ ታንከሩን ዞረው። እኔ መሀል ሜዳ ላይ ነኝ። ወደ መምህሩ ጥቂት እርምጃ ተራምጄ እንደነበር እምላለሁ፤ ማን ያምነኛል? ነጋዴው በሙሉ ሳቁ «እህቴ፣ እዚህ ነይ፣ ጥላ አለ!» ብሎ ተጣራ። ሄድኩ። እውነትም ጥላ ነበረው።

ማንም አላስፈራራኝም። አስገድዶኝ የነበረ ሰው ቢኖር ዛሬ የምወቅሰው አገኝ ነበር። መኪናውን ማጣትም አይደለም የፈራሁት። ነገ ጠዋት ከአጠገቡ ስቀመጥ በመሀላችን የሚኖረውን ዝምታ ነው የፈራሁት። ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ ሰው ሳይሰማ እግርሽን ይዞ ይሄዳል።

ከመምህሩ ኋላ ሰባት ሰው ተሰለፈ። የመጨረሻው የሰፈሩ ዘበኛ ነበሩ። ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት በዚያው መሬት ላይ ጤፍ ያርሱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው በጋራው ቤት ይማራል። አስመራጩ መዝገቡን አገላበጠና «አባባ፣ እርስዎ ነዋሪ አይደሉም፤ ስምዎ የለም» አላቸው።

«እኔ እዚህ ነው የተወለድኩት» አሉ።

«ይገባኛል አባባ። ግን የቤት ቁጥር የለዎትም።»

ሽማግሌው ዱላቸውን አንሥተው ከሰልፉ ወጡና ወደ በራቸው ሲመለሱ በእኔ በኩል አለፉ። ይወዱኛል፤ ሁልጊዜ በኦሮምኛ «ልጄ» ብለው ነበር የሚጠሩኝ። «ኢንታላ ኮ» አሉኝ፣ በቅንነት፣ እንዲያው ግራ ገብቷቸው። «ያንቺ ስም ግን መዝገቡ ላይ አለ አይደል?»

አለ አልኳቸው።

ሲቆጠር የመምህሩ ስድስት ሆነ። የእኛን ማንም አልቆጠረውም፤ ምን አስፈለገ? መምህሩ አጨበጨቡ፣ ሄደው የነጋዴውን እጅ ጨበጡ፣ ከወንበራቸው ሥር ካርቶናቸውን አንሥተው አቧራውን እፍ ብለው ወደ ቤታቸው ወጡ። በማግሥቱ በመኪናው ስናልፍ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው አየናቸው። ነጋዴው ደግ ሰው ነውና አቆመላቸው። «ይግቡ እንጂ መምህር፣ እናድርስዎት!» አላቸው። እሳቸው ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው ለእኔም ለእሱም ሰላምታ ሰጡ። «አመሰግናለሁ ልጄ፣ አጭር ሰልፍ ለምጄያለሁ» አሉ። ነጋዴው ከልቡ ሳቀ። እኔ የፕላስቲኩን ጠርዝ ስቀድ ቦሌ ደረስን።

ልዋሽሽ አልፈልግም፤ ሞተሩ ገባ። ዛሬ አራተኛ ፎቅ ላይ ቧንቧ ከፍተሽ ውሃ የምታገኚው በዚያ ሰው ነው። የጋራው ቤትም እንደተባለው ለሲሚንቶ ሆነ፤ ሰሌዳው እስከ ጣሪያ በተደረደረ ከረጢት ተሸፈነ። መምህሩ ጥቂት ጊዜ ልጆቹን ደረጃው ላይ ደርድረው አስተማሩ። ደረጃው በጠመኔ ቁጥር ተሞልቶ፣ ወደ ሥራ ስወርድ ያላለቀ ሂሳብ እየረገጥኩ ነበር የምወርደው። ከዚያ ጫጫታ በዛ ተባለ፤ መንገድ ተዘጋ ተባለ፤ ቀረ። የቅዳሜው ማንኳኳትም ቀረ። እናቴ አንድ ቅዳሜ በሩን ሁለት ጊዜ እያየች «መምህሩ ዛሬም አልመጡም?» ስትል ሰማኋት። የስብሰባ ጥሪ ከዚያ ወዲህ በማሽን ተባዝቶ በበር ሥር ነበር የሚገባው። ጀርባው ባዶ፤ ማንም ፍሪጅ ላይ አይለጥፈው።

የሚገርመው፣ ሰዉ ሁሉ ደረጃ ላይ ሲያገኛቸው በጆሯቸው «ልቤ ከእርስዎ ጋር ነበር» ይላቸው ነበር። ሠርግ የታጀበለትም፣ እናቷ የታመመችባትም። እሳቸው ራሳቸው ለእናቴ እየሳቁ ነገሯት። «እትዬ፣ እንደ ሰማሁት ከሆነማ በልብ አሸንፌያለሁ» አሉ። እኔ ሳሎን ውስጥ ሆኜ ሰማሁ። እኔ ብቻ ነበርኩ እንዲያ ያላልኳቸው፤ ከሌሎቹ የተሻልኩ ሆኜ አይደለም፣ ዓይናቸውን ማየት ስላቃተኝ ነው።

ከዓመት በኋላ ቤታቸውን ለቀው ክፍለ ሀገር፣ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። እዚያው ማረፋቸውን ከብዙ ጊዜ በኋላ ሰማን፤ እናቴ አለቀሰች። የሄዱ ዕለት ግን ደህና ነበሩ። ትንሽ የጭነት መኪና ከሕንፃው ሥር ቆማለች፤ ጧት ነው፣ ያው ቢጫ አቧራ፣ ያው የአጣና ሽታ። ወርጄ የፈተናውን ጆንያ በአንድ ጎኑ ያዝኩላቸው። ግማሽ ሆኗል። ያ ሰማያዊ ካርቶን ከላይ ተቀምጦ ነበር፤ አንሥተው ሰጡኝ። «ለጫማሽ ይሆንሻል» አሉኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ቁም ሣጥኑ ላይ አለ። ጫማ ገብቶበት አያውቅም፤ የተቆራረጡት ወረቀቶች እንዳሉ ናቸው። እሑድ ይዤልሽ እወርዳለሁ። ምናልባት ያንቺ ስብሰባ የተሻለ ሳጥን ይኖረው ይሆናል፤ ከሌለው ግን ሐሳቡን አንቺ አቅርቢው፣ ድጋፉ ከእኔ ነው። ዘግይቷል፤ አውቃለሁ።

ያን ጧት ሾፌሩ የመኪናዋን ሞተር አስነሣ። መምህሩ አንድ እግራቸውን የመኪናዋ መወጣጫ ላይ አደረጉ። ዓመት ሙሉ ይዤው የኖርኩትን ነገር ያኔ ካልተናገርኩ መቼም እንደማልናገረው ገባኝ።

«ቲቸር» አልኳቸው፣ «ያን ቀን እኮ፣ ሳጥኑ ኖሮ ቢሆን፣ እኔ…»

አውሮፕላን መጣ። እንደ ልማዳችን ሁለታችንም ዝም ብለን ቆምን፤ እሳቸው የመኪናውን በር ይዘው፣ እኔ ካርቶኑን ይዤ። ድምፁ በላያችን አልፎ ወደ ቦሌ እስኪሰምጥ ተያየን። ልቀጥል አፌን ስከፍት ጣታቸውን አነሡ፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም።

«አትንገሪኝ» አሉኝ። «ሳጥኑ ለዚህ አልነበር?»

ገብተው በሩን ዘጉ። መኪናዋ አቧራውን እያስነሣች ወጣች፤ ዘበኛው በሩን ከፍተው እጃቸውን አውለበለቡላቸው። እኔ ካርቶኑን እንዳቀፍኩ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አውሮፕላኑ አልፎ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ካቆመበት ቀጥሏል። የእኔ ዓረፍተ ነገር ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልተጨረሰም።